በደብተር ላይ የተጻፈ ስም

በእኛ አገር «አውቶግራፍ» ሲባል የብዙዎቻችን ትዝታ የሚሄደው ወደ ታዋቂ ሰዎች ፊርማ አይደለም፤ ወደ ትምህርት ቤት ደብተር ነው። የመለያያ ጊዜ ሲቃረብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን፣ ዳሩ በአበባ ሥዕል ያጌጠውን ደብተር ታስታውሱታላችሁ። «የምትወደው ምግብ? የምትወደው ቀለም? ፍቅር ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። በቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ደብተር ላይ ደግሞ «የምትወደው ጥቅስ» እና «ጌታን የተቀበልክበት ቀን» ይጨመሩበት ነበር። የፍቅሩን ጥያቄ ዘለው የሚያልፉ መንፈሳውያን እንደነበሩም አልረሳሁም።

ታዋቂ ሰው አስቁሞ «ፈርምልኝ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ዕድል ለቡታጅራና ለወልቂጤ ልጅ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ወልቂጤም በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ሩቅ አይባልም። ሆኖም በዚያ መንገድ በአብዛኛው የሚመላለሱት አባቶቻችን ነበሩ። መርካቶ ወርደው ይነግዳሉ፣ ለመስቀል ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፣ ክትፎው ተበልቶ ሳያበቃ ይመለሳሉ። እኔም ካደግሁበት ቤት አባቴን በአብዛኛው የማውቀው በመስከረም ነው። ይህን የማነሣው አባቴን ለመውቀስ አይደለም፤ ያበላንና ያስተማረን ያ ንግድ ነበር። ነገር ግን አባቱ በቤት የማይውል ልጅ ዓይኑ በሌላ ወንድ ላይ ቶሎ ያርፋል። የልጆችን የጀግና ፍቅር ስናይ ይህን ባንረሳ መልካም ነው።

ግድግዳው የማን ነው?

በ1988 ዓ.ም. የአትላንታ ኦሎምፒክ ሲካሄድ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ሯጭ ሆኖ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ አመጡ። ፋጡማ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት መሆኗን የነገረን መምህር፣ ያንን የተናገረበት ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ከዚያ በኋላ ከጋዜጣ የተቆረጠ ምስል፣ ከገበያ የተገዛ ፖስት ካርድ በየቤቱ ግድግዳ ተለጠፈ።

በእኛ ቤት ግን አልተለጠፈም። እማዬ ለግድግዳው ሕግ ነበራት፤ ጥቅስ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው የሚሰቀለው። ልለምናት ብሞክር «እዚህ ቤት የሚሰቀል አንድ ስም ነው፤ እሱንም ታውቀዋለህ» አለችኝ። በዚያን ዘመን በአንዳንድ አጥቢያዎቻችን ኳስ ሜዳ የታየ ዘማሪ ይገሠጽ ስለነበር የእማዬ ሕግ ለየት ያለ አልነበረም። ምስሉን በደብተሬ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥሁት፤ እሷም ታውቅ ነበር፣ አልነካችብኝም። ግድግዳው የእሷ፣ ደብተሩ የእኔ የሆነ ያህል ሳንነጋገር ተስማማን።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ የኳስ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ከተማችን መጣ። ተጫዋቾቹ ምሳ የሚበሉበትን ሆቴል በር ከበብን። በወቅቱ በቴሌቪዥን የምናያቸው ሰዎች ናቸው፤ እንጀራ ቆርሰው ሲበሉ ማየት ራሱ ይገርም ነበር። ያወጣሁት የሒሳብ ደብተሬን ነው፤ ከጀርባው ሽፋን ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበትን ማለቴ ነው። አብዛኞቹ እየሄዱ ሞነጫጨሩልን። ፊርማው ስለማይነበብ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋን ከሥሩ በራሳችን እጅ ጽሑፍ ስም እንጨምርበት ነበር። የመጨረሻው ተጫዋች ግን ቆመ፣ ጎንበስ አለና «አንተስ ስምህ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት። መጀመሪያ የእኔን ስም ጻፈ፣ ቀጥሎ የራሱን ፈረመ። የጎደለው አንድ ፊደል ቢኖር እንኳ አላረምሁትም።

የሌሎቹን ፊርማዎች ልጆች በብርጭቆ ብይ ተለዋውጠንባቸዋል። ያንን ገጽ ግን ማን ይቀበለኛል? የእኔ ስም አለበታ! ጌታ ደቀ መዛሙርቱ አጋንንት ተገዙልን ብለው ደስ ብሏቸው በተመለሱ ጊዜ ደስታቸውን ወደ ሌላ ነገር እንዳዞረው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እናነባለን፤ ስማቸው በሰማይ ስለ መጻፉ እንዲደሰቱ ነገራቸው። ይህን ክፍል ሲሰበክ በሰማሁ ቁጥር የሒሳብ ደብተሬ ትዝ ይለኛል። ሰባኪው ምን ብሎ እንደሚቀጥል አንዳንዴ ሳልሰማው አልፋለሁ።

ከሬዲዮ የተነሣ ሩጫ

የአንድ ልጅ ጀግና በሩቅ ሆኖም ቢሆን ይሠራል። ኃይሌ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ በሬዲዮ ሰምቷል። ፊርማም ምስልም አልነበረውም፤ የሰማው ድምፅ ብቻ ነው። በአሰላ አቅራቢያ ገበሬ የነበሩት አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም፤ ተምሮ ሥራ እንዲይዝ ነበር ፍላጎታቸው። ዛሬ በዚያ አባት መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልስቅባቸውም። አሥር ልጆች ያሉት ገበሬ ልጁ ትምህርቱን እንዳይተው መስጋቱ ፍቅር እንጂ ጥላቻ አልነበረም። በየመንደሩ ከሚሮጡት መካከል ወርቅ የሚያመጣው ስንቱ ነው?

የጉራጌም ልጅ ወርቅ አምጥቷል። ሰለሞን ባረጋ ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ ጨርሶ አንደኛ ሲወጣ ዕድሜው 21 ነበር። ከኋላው የቀረው የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነው። በዚያ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅ ይህ ሲሆን፣ በወንዶች 10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ካሸነፈ ወዲህም የመጀመሪያው ነበር። ሰለሞን ግን ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ገና በ16 ዓመቱ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፖላንድ ቢድጎሽች የዓለም ወጣቶች የ5,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆኗል። በኦሎምፒክ መድረክ እስኪቆም አምስት ዓመት ተጨማሪ ልፋት አለ። ልጆች ፊርማ ሲያስፈርሙ የማያዩት ይህን ክፍል ነው፤ ብንነግራቸው ደግሞ ይሰማሉ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫና ስለ አክሊል ሲጽፍላቸው ስለማያውቁት ነገር አልጻፈም። በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ውድድር ይካሄድ ነበር፤ የአሸናፊውም አክሊል የሚሠራው ከቅጠል ነው። የደረቀ አክሊል ግድግዳው ላይ የሰቀለ ጎረቤት በዚያች ከተማ አይጠፋም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የተቀደደው ደብተር

ወደ ወልቂጤ ልመለስ። ወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል የከተማው ልጆች እኛ ያላገኘነውን አገኙ። ስማቸው በሬዲዮ የሚጠራ ሰዎች በከተማቸው ውስጥ እየተራመዱ፣ ሱቅ ገብተው ውኃ እየገዙ አዩ። ደስታው ግን አልረዘመም። የዚያ ዓመት ሊግ በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በዙር ስለሚካሄዱ የወልቂጤ ልጅ የራሱን ቡድን የሚያየው በቴሌቪዥን ሆነ። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ስትለያይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ያስቆጠረው የዋልያዎቹ አምበል ጌታነህ ከበደ በወቅቱ የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ነበር። ያን ምሽት በከተማው የነበረውን ጩኸት የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያች ከተማ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ በአጥቢያቸው ሽማግሌ ነው፣ እሷ በእህቶች አገልግሎት ውስጥ ታገለግላለች። ቡድኑ ወደ ሊጉ በገባበት ዓመት ልጃቸው 12 ዓመቱ ነበር፤ ከሜዳ እየተመላለሰ የተጫዋቾችን ፊርማ በአንድ ደብተር ይሰበስብ ጀመር። አንድ እሑድ ጧት ልጁ ለሰንበት ትምህርት መጽሐፍ ቅዱሱን ረስቶ ያንን ደብተር ብቻ ይዞ ሲወጣ አባት አገኘው። «ጣዖትህ ይኼ ነው ማለት ነው?» ብሎ በሰው ፊት ቀደደው።

ልጁ አላለቀሰም። ለሦስት ሳምንት ያህል አባቱን ቀና ብሎ አላየም፤ ከሕፃናት መዘምራንም ቀረ። ሚስቲቱ መጀመሪያ ዝም አለች። አንድ ማታ ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «ያንን ደብተር ሊያሳይህ ስንት ጊዜ መጣ? እኔ የቆጠርሁት አራት ጊዜ ነው። አራቱንም ጊዜ ‹ቆይ፣ ስብሰባ አለብኝ› ነው ያልኸው» አለችው። ወንድማችን ይህን ሲያጫውተኝ «ስለ ጣዖት ልመልስላት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ስለ ጣዖት አልጠየቀችኝም» ብሎኛል።

ሚስት በዚያን ጊዜ በልጁ ፊት ባሏን ብትናገር ኖሮ ነገሩ ይበላሽ ነበር ብዬ አስባለሁ። ባልም ቢሆን «ሽማግሌ ነኝ፣ ልጅ ይቅርታ አይጠየቅም» ማለት ይችል ነበር፤ እንዲህ የሚሉ አባቶችን አውቃለሁ። እሱ ግን በማግስቱ ልጁን አስቀምጦ ይቅርታ ጠየቀው። መጽሐፍ ቅዱስን መርሳቱ ትክክል እንዳልነበረም አልሸሸገውም፤ ሁለቱን ነገር ለየብቻ ነገረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ወደ ልምምድ ሜዳ አብሮት ሄደ። ስለ ኳስ ምንም ስለማያውቅ ልጁ ማን የት እንደሚጫወት ሲያስረዳው አመሸ።

እናትየው የተቀደዱትን ገጾች አልጣለቻቸውም ነበር፤ በኮሮናው ወራት ቤት ተዘግተው ሲቀመጡ አባትና ልጅ ወለል ላይ ዘርግተው በፕላስተር አያያዟቸው። ሁለት ገጽ አልተገኘም። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ እየሆነ ነው፤ ኳስ ተጫዋችም አልሆነም። ባለፈው ስጠይቃቸው ደብተሩ የት እንዳለ የሚያውቀው አባትየው ነበር፤ ከሱቁ ደረሰኞች ጋር በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል።