ትቈጥራለች እንጂ አታይም

ፍሬዛ በምትባለው የብረት መቍረጫ መኪና የሚሠራ ባለሙያ እጆቹ ከመዘውር አይለዩም። አንዱን መዘውር ሲያዞር ብረቱ የታሰረበት ጠረጴዛ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሌላውን ሲያዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል። ቀጥ ያለ መሥመር ለማውጣት ይህ በቂ ነው። ጠማማ ቅርፅ ሲታዘዝ ግን ሁለቱን መዘውሮች ባንድ ጊዜ፥ በየቅጽበቱ በሚለዋወጥ ፍጥነት ማዞር ያስፈልጋልና የሰው እጅ ይቸገራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከፈለጉት ሰዎች ዋነኛው ጆን ፓርሰንስ የተባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። በሚሺገን የሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፍ ያሠሩ የነበሩት እኚህ ሰው በ1949 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከአገራቸው አየር ኃይል ጋር ተዋዋሉ። ምርምሩም በኤም.አይ.ቲ. ቤተ ሙከራ ተካሂዶ፥ በተበሳ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ቍጥር እየተከተለች በራሷ የምትቈርጥ ፍሬዛ በ1952 ታየች። መቈጣጠሪያዋ በቫኪዩም ቱቦ የተሞላ ትልቅ ሣጥን ስለ ነበረ በግል ሰው አቅም የሚደረስበት አልነበረም።

ዛሬ ግን ሲ.ኤን.ሲ. የምትባለውን ይህችኑ ዓይነት መኪና በትርፍ ጊዜያቸው በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ የሚገጣጥሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ምን ቢለወጥ ነው ይህ የሆነው? ነገሩን ለመረዳት ከሞተሩ እንጀምር።

እስቴፐር የሚባለው ሞተር እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ አይዞርም። አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ የተለመደው ዓይነት በ200 እርምጃ አንድ ዙር ይሞላል። ሞተሩ የሚያዞረው ጥርሳም ዘንግ በአንድ ዙር ጠረጴዛውን 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ፥ አንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ድራይቨር ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ከ8 ቢከፍለው ለአንድ ሚሊሜትር 320 ምት ያስፈልጋል። ጠረጴዛው በሴኮንድ 20 ሚሊሜትር እንዲሄድ ከተፈለገ እንግዲህ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 6,400 ምት፥ ያውም ልዩነቱን ሳያዛንፍ፥ መድረስ አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የቢሮ ኮምፒዩተር ብዙ ጌቶች እንዳሉት አሽከር ነው፤ የአንዱን ጥሪ ሲሰማ የሌላውን ለጥቂት ጊዜ ያቈያል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይታወቀውም፤ ሞተሩ ግን ምቱ በዘገየበት ቅጽበት ይደናቀፋል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ ተገኝቷል። በአሜሪካ መንግሥት ሥር ያለው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1990ዎቹ ዓመታት የመኪና መቈጣጠሪያ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ይህ የመንግሥት ሥራ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ስለ ተለቀቀ ፈቃደኞች ተቀብለው አሳደጉት፤ ዛሬ ሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲ. ይባላል። ኮምፒዩተሩ ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ምቱን በሰዓቱ እንዲያደርስ ያስገድደዋል። ሁለተኛው መፍትሔ ምቱን የመቍጠር ሥራ ከኮምፒዩተሩ ላይ አንሥቶ ሌላ ሥራ ለሌላት ትንሽ ሰሌዳ መስጠት ነው። ኖርዌጂያዊው ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ በ2009 ያወጣው ግርብል የተባለው ፕሮግራም ከመዳፍ በማትበልጥ አርዱዊኖ በምትባል ሰሌዳ ላይ ይሠራል። የሰሌዳዋ የፕሮግራም ማኅደር 32 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን በሴኮንድ እስከ 30,000 ምት ታደርሳለች። ይህንም ፕሮግራም ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ይችላል። አንድ ተማሪ በጠረጴዛው ላይ ፍሬዛ ሊያቆም የቻለው የዕቃው ዋጋ ስለ ወረደ ብቻ ሳይሆን፥ ዐዋቂዎች ዕውቀታቸውን ስላልቈለፉበት ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ርካሽነት የራሱ ዕዳ አለው። በታላላቅ ፋብሪካዎች ያለችው መኪና ጠረጴዛው በእርግጥ የት እንደ ደረሰ መልሶ የሚነግራት መለኪያ አላት። በቤት የምትሠራዋ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ የላትም፤ ትቈጥራለች እንጂ አታይም። ስለቱ ደንዞ ወይም ብረቱ ጠንክሮ ሞተሩ መቶ እርምጃ ቢስት፥ መቈጣጠሪያው ሁሉም እንደ ተፈጸመ አድርጎ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚቈረጠው ሁሉ ከቦታው የተዛነፈ ይሆናል።

የትእዛዙ ስሕተት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። መኪናዋ የምታነበው ጂ-ኮድ በሚባል የፊደልና የቍጥር ቋንቋ ነው። ጂ21 ማለት ልኩ በሚሊሜትር ነው ማለት ሲሆን ጂ20 በኢንች ነው ማለት ነው። አንዱ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ በዚህች በአንዲት ቍጥር ስሕተት 10 ሚሊሜትር ሊሄድ የታሰበው ጠረጴዛ 254 ሚሊሜትር ለመሄድ ይነሣል። በመንገዱ ላይ የብረት ማሰሪያ ይኑር የሰው ጣት አይለይም።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ቀዩ የማቆሚያ ቍልፍ ፕሮግራሙን የሚለምን ሳይሆን የሞተሮቹንና የስለቱን ኃይል በቀጥታ የሚቈርጥ ሆኖ ይገጠም፤ ፕሮግራሙ ራሱ በተሳሳተ ጊዜ ልመና አይሰማምና። ሁለተኛ፥ ጠረጴዛው ዳር ሲደርስ ነክቶት እንዲቆም የሚያደርግ ማብሪያ በየወሰኑ ይኑር። ሦስተኛ፥ አዲስ ትእዛዝ ሁሉ አስቀድሞ ስለቱ ከብረቱ በላይ ከፍ ብሎ በባዶ አየር ላይ ይሞከር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በዚህ ሙከራ የሚጠፉት ጥቂት ደቂቃዎች ብረቱንም እጅንም ያተርፋሉ።

መኪናዋ የታዘዘችውን ከመፈጸም በቀር ሌላ ኀላፊነት የለባትም። ኀላፊነቱ በአጠገቧ ቆሞ ዓይኑን ከስለቱ፥ እጁን ከቀዩ ቍልፍ የማያርቀው ሰው ነው።