የተሰረቀ ደብዳቤ አንባቢዎች

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የፊልም ኩባንያው የሶኒ ፒክቸርስ ሠራተኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ቀይ አጽምና ዛቻ ጠበቃቸው። ብዙም ሳይቆይ በጠላፊዎች የተሰረቀው የኃላፊዎቹ የግል ኢሜይል አደባባይ ወጣ። ሕዝቡ የተሻማው ሐሜቱን ነበር (ይጥማል፣ ማን ይክዳል?)፤ ፕሮዲዩሰሩ ስኮት ሩዲን አንጀሊና ጆሊን ሲዘልፍ፣ እሱና የኩባንያው ኃላፊ ኤሚ ፓስካል ደግሞ ፕሬዝዳንት ኦባማ የጥቁሮችን ፊልም ይወዱ ይሆናል እያሉ ሲያላግጡ። ሁለቱም ይቅርታ ጠየቁ፤ ፓስካል በ2015 ከኃላፊነቷ ተነሣች። በዚሁ ዝርፊያ ከ47,000 በላይ ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራቸው ተበትኗል፤ የአንዳንዶቹ የሕክምና ጉዳይም ጭምር። እነዚህ ማንንም አልሰደቡም፣ ብዙ ሰው ግን አላነሣቸውም።

ኃያላን በጓዳ የሚሉትን ሕዝብ ማወቅ አለበት የሚሉ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ከወጡት ኢሜይሎች አንዱ «አሜሪካን ሀስል» በተሰኘው ፊልም ለጄኒፈር ሎረንስ ከትርፉ 7 በመቶ ሲታሰብላት፣ አብረዋት የሠሩት ወንዶች 9 በመቶ እንደተመደበላቸው አሳይቷል። ተዋናይቷ በ2015 ስለ ክፍያው በይፋ ጻፈች፤ ሆሊውድም ጉዳዩን ሊሸሽ አልቻለም። ይህ መታተሙ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ሆኖም ለዚያ ጥቂት ገጽ ይበቃ ነበር። አንዱ ኢሜይል ለሕዝብ መጥቀሙ የቀረውን ሁሉ ለመበርበር ፈቃድ አይሆንም፤ ጋዜጠኛ የሚያስፈልገውም ለመምረጥ ነው። ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያትመው ዊኪሊክስ ግን በሚያዝያ 2015 ከ170,000 በላይ ኢሜይሎችን ከመፈለጊያ ጋር ለቀቀ፤ የፈለገ ሰው የፈለገውን ስም ጽፎ የማያውቀውን ሰው መልእክት ማንበብ ቻለ።