አንገቱን የሚያዞር ካሜራ

ብዙ ሰው በአንድነት ቆሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ የዳር ሰው ዕጣ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ የለም። አንሺው «ጠጋ፥ ጠጋ በሉ» እያለ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ግድግዳ ሲገታው ዳር የቀሩትን በግማሽ ትከሻ ይቈርጣቸዋል። ዛሬ የምናወሳው ካሜራ ለነዚህ ሰዎች ባለውለታ ነው።

ስሙ ዋይድለክስ ይባላል። የጃፓኑ ፓኖን ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ማውጣት ጀምሮ እስከ 2000 ገደማ ሠርቶታል። ባለ 26 ሚሊሜትሩ ሌንስ እንደሌሎቹ በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚቀር አይደለም፤ ጣሳ በሚመስል ከበሮ ውስጥ ተቀምጦ፥ ቍልፉ ሲጫን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ከበሮው በስተኋላው ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ብርሃንም በዚያች ስንጥቅ እየሾለከ ፊልሙን እንደ ቀለም ቡርሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀባዋል። ፊልሙ ከሌንሱ ያለው ርቀት እኩል እንዲሆን ቀስት መስሎ ጐብጦ ይቀመጣል። በዚህ ዘዴ 140 ዲግሪ ያህል የሚሰፋ እይታ 24 በ59 ሚሊሜትር በሆነች ቍራጭ ፊልም ላይ ያርፋል። ታዲያ ስፋት ዋጋ አለው፤ በተራው ካሜራ 36 ፎቶግራፍ የሚወጣው ጥቅል እዚህ 21 ብቻ ይሰጣል።

የርቀት ማስተካከያ የለውም፤ ፍጥነቱም ሦስት ብቻ ነው። በአናቱ ላይ እንደ ግንበኛ ውኃ ልክ ያለ ነገር ተገጥሞለታል። ጌጥ መስሎት ችላ ያለው ሰው አድማሱ እንደ ቀስት ጐብጦ ሲያገኘው ይገባዋል። ጣቱንም ያልሰበሰበ ሰው ጣቱን በሥዕሉ ዳር ያገኘዋል።

ሰዎችን በቀጥታ መስመር መደርደርም አይሆንም። መሐል ያለው ለሌንሱ ስለሚቀርብ ገዝፎ እንደ ጌታ፥ ዳር ያለውም አንሶ እንደ ሎሌ ይታያል። ዐዋቂው አንሺ ግን ሰዎቹን በዙሪያው ግማሽ ክብ አድርጎ ያቆማቸውና ሁሉም እኩል ይሆናሉ። እኛ ከዚህ ካሜራ ባሕርይ ሁሉ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ሌላም ጕድ አለው። ሥዕሉ በአንድ ቅጽበት አይነሣም፤ ቀኙና ግራው በተለያየ ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ ከሌንሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሮጥ መኪና ተለጥጦ፥ በተቃራኒው የሚሮጠው ደግሞ ተጨብጦ ይወጣል። ከዚህ በፊት በአሜሪካ በ1904 ፓተንት የተሰጠው ሰርኩት የሚባለው ካሜራ መላ አካሉ በሞተር ይዞር ነበርና፥ ተማሪዎች ከአንዱ ዳር ተነሥተው በካሜራው ጀርባ በመሮጥ በሌላውም ዳር ይደርሱና በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ጊዜ ይታዩ ነበር። መምህራኑ ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም!

ለዋይድለክስ ከልብ ካደሩት አንዱ አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ጄፍ ብሪጅስ ነው። ከ1984 ጀምሮ በሚሠራባቸው ፊልሞች ቦታ ይህን ካሜራ ይዞ ሲያነሣ ኖሮ፥ በ2003 ሥዕሎቹን በመጽሐፍ አወጣ። በ2024ም ከባለቤቱና ከሌሎች ወዳጆች ጋር ካሜራውን እንደገና ለማሠራት መነሣታቸውን አስታውቀዋል። ይህ ሰው የሥራ ባልደረቦቹን አንድ ጨዋታ ያጫውታቸዋል፤ ሌንሱ መዞር ሲጀምር ተዋናዩ በአንዱ ዳር ፊቱን ለሐዘን ያጨማድዳል፤ ሌንሱ ሳይደርስበትም ፈጥኖ ወደ ሌላው ዳር ይሻገርና ጥርሱን ገልጦ ይጠብቀዋል። ፊልሙ ሲታጠብ የሚሥቀውና የሚያለቅሰው አንድ ሰው ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ።