የካሴት ሽፋን፦ ከጆሮ በፊት ለዐይን

በካሴት ዘመን የሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ዘፋኝ ነበር። በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሌሎቹ ደንበኛ የሚጠሩት በሽፋናቸው ነው። ከሚሴም ሆነ ባቲ፣ ለገበያ የወጣ ሰው ቀና ብሎ በዐይኑ ይመርጣል፤ ድምፁ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ሽፋን ማስዋቢያ ብቻ አይደለም። ሥራው ለማን እንደተዘጋጀ የሚናገር የመጀመሪያው ቃል ነው።

የካሴት ሽፋን ከሙዚቃ መጽሔት የፊት ገጽ ጋር ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ሌነንን ፊቱ ላይ ይዞ የወጣው የአሜሪካው «ሮሊንግ ስቶን» የመጀመሪያ እትም የተመረኮዘው በጉልህ ስምና በታወቀ ፊት ላይ ነው። የካሴት ሽፋን ይህንኑ የሚሠራው የፊቱ ቁመት 10፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሚሆን ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ ሦስት ክፍል ይሆናል፦ ፊቱ፣ በመደርደሪያ ላይ የሚታየው ቀጭን ጀርባ እና ወደ ኋላ የሚገባው አጭር ክፋይ። ፊቱ ይጋብዛል፣ ጀርባው ስም ያስነብባል፤ የዘፈኖቹ ዝርዝርና የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ የቀረውን ቦታ ይካፈላሉ።

ሽፋንን ለማንበብ ከፎቶግራፉ መጀመር ይሻላል። ዘፋኙ በቀጥታ ካየን እኛን ያነጋግራል፤ ፊቱን ወደ ጎን ከመለሰ ትዝታ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሙሉ ቁመናው ከታየ ልብሱም ይናገራል። ሱፍ ከተማን፣ የአገር ልብስ ደግሞ ትውልድ ቦታን ይጠራል። ከጀርባው የስቱዲዮ መጋረጃ አለ ወይስ መስክ? ይህም ዘፈኑ ከየት እንደመጣ የሚነግር ምርጫ ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ ነው። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ ዲዛይነሩ አንዱን ስም ከሌላው የሚያስበልጠው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። ጥንቃቄ የሚሻውም እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ ሲወፍር የ«ሌ» እና የ«ሬ» ቀለበት ይደፈናል፤ ሲያንስ ደግሞ «ሉ» ከ«ሊ» ጋር ይምታታል። ቀለምም የራሱ ቋንቋ አለው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ስለ አገር ይናገራሉ። በወሎ በሚወደደው መንዙማ ሽፋን ላይ አረንጓዴው ከመስጊድ ጉልላት ጋር ሲመጣ ደንበኛው ሳያነብ ያውቀዋል።

ይህ ጥበብ ካሴት ላይ የተጀመረ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። ትንሹ ሸክላ ወደ 18፣ ትልቁ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰፊ ሜዳ ነበረው። ከአብዮቱ በኋላ ርካሹ ካሴት ገበያውን ሲይዝ ሜዳው ጠበበ፤ ካሴት በቀላሉ ይገለበጥ ስለነበር ሽፋኑ ሌላ ሥራ ተጨመረለት፤ በደንብ የታተመው ባለ ቀለም ወረቀት የኦሪጅናልነት ማስረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ በፈረንሳይ ማውጣት ሲጀምር፣ የሸክላው ዘመን ፎቶግራፎች ፊደላችንን ለማያነብ አድማጭ ያንን ዘመን አስተዋወቁ።

የከሚሴና የአካባቢዋ ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ከአራቱ ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ፣ ባቲ፣ የሚጠራው ከሚሴ በምትገኝበት በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባለችው፣ የሰኞ ገበያዋ ኦሮሞን፣ አፋርንና አማራን በሚያገናኘው ከተማ ነው። በዞኑ አፋን ኦሮሞ በላቲን ሆሄያቱ በቁቤ፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚሠራ ሽፋን ሁለት አንባቢ አለው። «ከሚሴ» በፊደል ሦስት ሆሄ ብቻ ስትሆን በቁቤ ሰባት ትደርሳለች። ሁለቱን በአንድ መጠን ከጻፏቸው ቁቤው ሰፍቶ ፊደሉን ይጋፋል፤ በአንድ ስፋት ካደረጓቸው ደግሞ ቁቤው አንሶ እንደ ግርጌ ማስታወሻ ይቀራል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የራሱን መስመር ሰጥቶ ቁመታቸውን ማመጣጠን ነው። አንዱን ቋንቋ ጥግ ላይ የሚጥል ሽፋን ግማሹን አድማጭ ከደጃፍ ይመልሳል።

ዛሬ ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ እየተጫነ ያለ ሽፋን ይዞራል፤ በዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሽፋኑ በስልክ መስኮት የጣት ጥፍር ያህል ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ አሥር ፎቶና አምስት ዓይነት ፊደል መደርደር ምንም አለማሳየት ነው። አንድ ፊት፣ አንድ ስም፣ ሁለት ቀለም ይበቃል። የከሚሴ ወጣት ዲዛይነሮችም ከኢንተርኔት የወረደ የባሕር ዳርቻ ምስል ከመለጠፍ ይልቅ የጨፋን ሜዳ፣ የቦርከናን ወንዝና የባቲን ገበያ ራሳቸው ፎቶ አንስተው ይጠቀሙ።

አሮጌ ካሴት በቤታችሁ ያላችሁም ክሩ ቢበጠስ ሽፋኑን አትጣሉ። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሡት፤ የዘፋኙን ስም፣ ዓመቱንና የሙዚቃ ቤቱን ጻፉበት። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም እነዚህን ሽፋኖች ሰብስቦ ቢያስቀምጥ፣ የአካባቢው ሰው ራሱን እንዴት ያሳይ እንደነበር ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረጃ ይሆናሉ።