ብርሃን ሲበዛ ለምን አይታየንም?

የቡና ለቀማ ከሚጀመርበት ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ገነትና ከሰቃ ወደ ጅማ የሚመጡት መንገዶች ከመሸ በኋላ እንኳ አያርፉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻልና፣ ገበሬው እስኪመሽ የለቀመው ሁሉ በጆንያ ተጭኖ ወደ መፈልፈያው ጣቢያ የሚደርሰው በጨለማ ነው። በዚሁ ሰዓት ደግሞ ከመርካቶ ሸጦና ገዝቶ ወደ ቀዬው የሚመለሰው ሕዝብ አህያውን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይጓዛል። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን የታወቀ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ገበያተኛው ማታ ሲመለስ የሚያስፈራው አውሬ እንጂ አይሱዙ አልነበረም። እኛ ተማሪዎችም ለዕረፍት ስንሄድ ወይም ስንመለስ በሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠን የዚሁ መንገድ ተካፋዮች እንሆናለን።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ብርሃን ለመጻፍ ምን አገባቸው የሚል የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጅ አይጠፋም። ተሳፋሪዎች ነንና ያገባናል።

ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ዓይንን የሚያጥበረብረው ብሌኑ በድንገት ስለሚጠብ ነው እየተባለ ይነገራል። ይህ ከእውነቱ ጥቂቱ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ብርሃኑ በዓይን ውስጥ መበተኑ ነው። ዓይናችን ፍጹም የጠራ መስተዋት አይደለም፤ የፊተኛው ሽፋኑና ሌንሱ ከሚገባው ብርሃን ጥቂቱን ወዲያና ወዲህ ይበትኑታል። ቀን ይህ አይታወቀንም። ሌሊት ግን አንድ ኃይለኛ መብራት ከፊት ሲመጣ የተበተነው ብርሃን እንደ ነጭ ሻሽ በምናየው ነገር ሁሉ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ ሻሽ በስተጀርባ ደብዘዝ ብሎ ይታይ የነበረው ጠርዝ፣ አህያና ሰው ይጠፋል። እንግዲህ ነጂው ያጣው ብርሃን አይደለም፤ ያጣው ልዩነት ነው፤ ጥቁሩን ከጥቁር የሚለይበትን ማለታችን ነው።

ሆላዴይ በ1926፣ ስታይልስ ደግሞ በ1929 እ.ኤ.አ. በደረሱበት ስሌት መሠረት የዚህ ሻሽ ውፍረት ወደ ዓይን ከሚደርሰው ብርሃን ጋር ይጨምራል፤ በምናይበት አቅጣጫና በመብራቱ መካከል ባለው ማዕዘን ካሬ ደግሞ ይቀንሳል። በቀላል አማርኛ፣ የዓይናችንን አቅጣጫ ከመብራቱ በእጥፍ ብናርቀው ሻሹ በአራት እጥፍ ይሳሳል። «መብራቱን አትይ፤ የመንገዱን የቀኝ ጠርዝ እይ» የሚለው የነጂዎች ምክር መሠረቱ ይኸው ነው። ወደ ቀኝ ማየት ሌላም ጥቅም አለው፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛም ያለው እዚያው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት መኪናው ካለፈ በኋላ ይመጣል። ዓይን ጨለማን ፈጽሞ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አንድ መብራት ሲያልፍ ይህ ሁሉ ልምድ ባይጠፋም ለጥቂት ሴኮንድ ነጂው ጨለማ ውስጥ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሦስት ሴኮንድ 66 ሜትር። ቪታሚን ኤ ያነሰው ሰው፣ አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ሕመም የያዘው፣ ከዚህም ይብስበታል፤ በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት ሥራቸውን የሚሠሩት በዚሁ ቪታሚን ነውና። የዓይን ሞራ የጀመረው ወይም ትራኮማ ጠባሳ የተወበት ሰው ደግሞ ሻሹ ከሌላው ሰው ይልቅ ይወፍርበታል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዕውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ሞራው ሙሉ በሙሉ ከመጋረዱ በፊት ባሉት ዓመታት ሰውዬው ቀን ቀን ደኅና ያያል፤ መሪም ይጨብጣል።

ወደ መብራቱ እንመለስ። አጭሩ መብራት ሲስተካከል በየአንድ ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ ነው፤ ስለዚህ በ100 ሜትር ርቀት ከመብራቱ ቁመት 1 ሜትር መውረድ አለበት። አሁን አንዱን አይሱዙ ከኋላው እስኪሰምጥ ድረስ እሸት ቡና ጫኑበት። ፊቱ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል፣ ያ ጨረር በ100 ሜትር ርቀት መውረዱ ቀርቶ ከመብራቱ ቁመት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ይኸውም በትክክል የሌላው ነጂ ዓይን ያለበት ቦታ ነው። ነጂው «አጭሩን አብርቻለሁ» ብሎ ቢምል አልዋሸም። ከመሪው አጠገብ ቁጥር የተጻፈባት፣ መብራቱን ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ማዞሪያ ያላቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ስትዞር ያየናት ጥቂት ጊዜ ነው። ማዞሪያዋ የሌለው ደግሞ በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ቆሞ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር መውረዱን ማየት ይችላል። ለዚህ ጋራዥ አያስፈልግም።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ሃሎጅን አምፑል አውጥቶ በምትኩ ኤልኢዲ መክተት ነው። የመብራቱ ውስጠኛ መስተዋት የተቀረጸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ለምታህል የሃሎጅን ሽቦ፣ ያውም ለትክክለኛ ቦታዋ ነው፤ ሌላ ዓይነት አምፑል ሲገባበት ብርሃኑ የሚሰበሰብበትን አጥቶ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይረጫል። ለባለቤቱ ከፊቱ ያለው ቅርብ መሬት ስለሚነጣለት ብዙ ያየ ይመስለዋል። ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። በብዙ መኪና የአጭሩ መብራት ግራና ቀኝ እኩል አይደለም፤ የእግረኛውን ዳር እንዲያሳይ በአንድ ወገን ከፍ ይላል። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለ ተዛወረች ለእኛ ከፍ ማለት ያለበት ቀኙ ነው። በግራ ከሚነዳበት አገር፣ ለምሳሌ ከጃፓን መንገድ የተፈታ መብራት የተገጠመለት መኪና ግን ከፍ ያለውን ብርሃን የሚልከው ከፊት ወደሚመጣው ነጂ ነው።

በጊቤ ሸለቆ ቁልቁለትና በሰኮሩ ኩርባዎች ደግሞ የተስተካከለው መብራት እንኳ ከማጥበርበር አይድንም፤ ዳገት የሚወጣ መኪና ወደ ሰማይ ያበራል፤ የሚታጠፈውም ጨረሩን በሌላው ፊት ላይ ይጠርጋል። ዝናብ ሲጨመር አስፋልቱ እንደ መስተዋት ይሆንና የራስን ብርሃን ወደ ፊት ያሸሻል፣ የሌላውን ያመጣል።

ነጂው እንግዲህ ምን ያድርግ? አጭሩን ቀድሞ ማብራት፣ ሌላው እንዲያበራ አለመጠበቅ፤ ፍጥነትን መቀነስ፣ ያውም ከተጥበረበሩ በኋላ ሳይሆን መብራቱ ከሩቅ ሲታይ። አጭር መብራት ጥቁር የለበሰ ሰው የሚያሳየን ብዙ ጊዜ ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ነጂው ነቅቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት በ80 የሚሄደው ለመቆም 70 ሜትር ያህል ሲፈልግ በ50 የሚሄደው 35 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ያንን ልዩነት የሚሞላው አንድ ሰው ነው።

በመንገዳችን የምናየው ግን ሌላ ነው። አንዱ ረጅሙን ካላወረደ ሌላው በእልህ ረጅሙን ይመልስበታል፤ ሕዝቡ ቀይ ሽብር ያለው ሲኖትራክ ሲሆን ደግሞ እልሁ ይብሳል። ውጤቱ ከአንድ ዕውር ነጂ ሁለት ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ብልጭ አድርጎ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ካልሰማ ግን መቀነስና ዳሩን መያዝ እንጂ ፍርድ የሚሰጥበት ቦታ አይደለም።

ስለ ጫት ደግሞ ሳንናገር ብናልፍ ጅማ አልኖርንም ያሰኛል። ጫት እንቅልፍ ያስወግዳል ተብሎ በሌሊት ነጂዎች ዘንድ ይወደዳል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን የዓይንን ብሌን ያሰፋል፤ የሰፋ ብሌን ደግሞ ለመብራቱ የተከፈተ በር ነው። በየገበያው «የሌሊት» ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ መነጽርም ገንዘብ ማባከኛ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ነጂዎች በማስመሰያ መኪና ተፈትነው፣ ቢጫ መነጽር ያደረጉበት ጊዜ እግረኛውን ቀድመው አላዩም። ምክንያቱም ቢጫው የሚቀንሰው የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የእግረኛውንም ብርሃን ነው። ለመነጽሩ የሚወጣው ገንዘብ ለዝናብ መጥረጊያ ጎማ ቢውል ይሻላል፤ የተጫረና አቧራ የጠጣ የፊት መስተዋት እንደ ታመመ ዓይን ብርሃን ይበትናልና፣ በውስጥ በኩልም መወልወል አለበት።

የቀረው እግረኛው ነው። መኪናው ከሩቅ ቁልጭ ብሎ ስለሚታየው ነጂውም እርሱን የሚያየው ይመስለዋል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በተለይ ሁለት መኪናዎች ፊት ለፊት ሲተላለፉ በመካከላቸው የሚሻገር ሰው ለሁለቱም ሊጠፋ ይችላል። ግራውን ይዞ መሄድ፣ ሁለት መኪና ሲገናኝ ቆሞ ማሳለፍ፣ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ከላይ መደረብ፣ የስልክ መብራት ካለም ወደ መሬት እያበሩ መሄድ ይጠቅማል። ከመርካቶ የሚመለሱት እናቶች ነጠላቸውን ከአቧራ ለመጠበቅ አጥፈው በዘንቢል ሲከቱት አይተናል፤ ከመሸ በኋላ ግን ቢያወጡት ይበጃል።

ጋቢና የምንቀመጥ እኛም ሥራ አናጣም። የስልካችንን ብርሃን ከነጂው ዓይን ማራቅ፣ የውስጡን መብራት ማስጠፋት፣ ከፊት መኪና ሲታይም «ወንድም፣ አጭሩን አድርግለት» ማለት እንችላለን። አንዳንዱ ሾፌር «አንተ ትነዳለህ ወይስ እኔ?» ብሎ ይመልሳል፤ ብዙዎቹ ግን እጃቸው ቀድሞ ያወርደዋል።