ክሌፖን፦ ስኳሯን በሆዷ የያዘች ጣፋጭ

ክሌፖንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው አስቀድሞ ይመከራል፦ ሙሉዋን ጉረስ፣ አፍህን ሳትገጥም እንዳታኝክ። ግማሿን የገመጠ ሰው ሸሚዙ ላይ ቡናማ ሽሮፕ ይረጭበታል። ከብይ ተለቅ፣ ከሎሚ አነስ የምትለው ይህች አረንጓዴ ድቡልቡል የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ጣፋጭ ናት።

ሊጧ የሚለወሰው ሲበስል ከሚጣበቅ የሩዝ ዓይነት ዱቄት ነው። አረንጓዴነቷ ከፓንዳን ወይም ከሱጂ ቅጠል ጭማቂ ይመጣል፤ ፓንዳኑ መዓዛም ይሰጣታል። ባለሙያዋ ቁራሽ ሊጥ መዳፏ ላይ ጠፍጠፍ አድርጋ መሃሉ ላይ የተከተፈ የዘንባባ ስኳር ታስቀምጣለች፤ ጠርዙን ሰብስባ ትገጥምና ታድቦለቡለዋለች። ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሊጡ ከሳሳ ወይም ስንጥቅ ከቀረበት ስኳሩ ድስት ውስጥ ፈስሶ ያልቃል፤ ከወፈረ ደግሞ አፍ የሚሞላው ሊጥ ብቻ ነው። ድቡልቡሎቹ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ይሰምጣሉ፤ ሲበስሉ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ስኳሩ በደንብ እንዲቀልጥ ጥቂት ትታገሥና አውጥታ፣ ትኩስ እንዳሉ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት በእንፋሎት የበሰለ የተፋቀ ኮኮናት ላይ ታንከባልላቸዋለች።

እኔ ክሌፖንን የማደንቃት በዚያች ጨው ነው። ሊጡ ስኳር የለውም፣ ኮኮናቱም ጨው ጨው ይላል፤ ስለዚህ ጣፋጩ ከውስጥ ሲፈነዳ ምላስ ገና አልሰለቸም። ስኳሩም ተራ ስኳር አይደለም። ጉላ ጃዋ ይሉታል። የኮኮናት ወይም የአሬን ዘንባባ የአበባ አገዳ ተቆርጦ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ጠዋትና ማታ ይሰበሰባል፤ በሰፊ ድስት ለሰዓታት ተንተክትኮ ሲወፍር በቀርከሃ ወይም በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ ተገልብጦ ይረጋል። ጭስ ጭስና ካራሜላ የሚለው ጣዕሙ ከዚያ የመጣ ነው።

ክሌፖን «ጃጃናን ፓሳር» ከሚባሉት የገበያ ጣፋጮች አንዷ ስትሆን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልላ ትሸጣለች። በምሥራቅ ጃቫ በፓሱሩአን የምትገኘው ጌምፖል በክሌፖን ስሟ የታወቀ ነው። ሱማትራና ማሌዥያ ውስጥ ኦንዴ ኦንዴ ይሏታል፤ ጃቫ ላይ ግን ይህ ስም በሰሊጥ ተለብጦ የሚጠበስ ሌላ ጣፋጭ ነው። ከኢንዶኔዥያ ወደ ኔዘርላንድስ የተሰደዱ ቤተሰቦችም ይዘዋት ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 «ክሌፖን ኢስላማዊ አይደለችም»፣ በእሷ ፈንታ ቴምር ግዙ የሚል ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሠራጭ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነባት በኢንዶኔዥያ ብዙዎች ተቆጥተው ተከራከሩላት።

ብስኩት ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ክሌፖን ግን ካደረች ሊጧ ይደርቃል፣ ኮኮናቷም ይኮመጥጣል። በዚህም ምክንያት እስካሁን በአብዛኛው የሚሠሯት፣ ማለዳ አድቦልቡለው በዕለቱ ሸጠው የሚጨርሱ አነስተኛ ነጋዴዎች ናቸው።