«እይታ» በምስለ በረራ፦ ለሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ሦስት ስያሜዎች

አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንዲሸከም ሲደረግ ችግሩ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ባለሙያው እጅም ይደርሳል። በቤቱ ኮምፒዩተር አውሮፕላን ማብረርን የሚለማመድ ወጣት «እይታውን አስተካክል» ሲባል ዐይኑን ከፍ እንዲያደርግ፣ ፊቱን እንዲያዞር፣ ወይስ የሚያየውን ዙሪያ እንዲያሰፋ እንደታዘዘ ከቃሉ ሊረዳ አይችልም። ያለቦታው ከመረጠ መንደርደሪያው ከእውነተኛ ርቀቱ ይልቅ ሩቅ መስሎ ይታየዋል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ጽንሰ ሐሳቦች ለይተን ለእያንዳንዳቸው አንድ ስያሜ እናቀርባለን።

በቅድሚያ ሁለት ተጓዳኝ ቃላትን እናብራራ። «ምስለ በረራ» ያልነው የበረራን ሁኔታ አስመስሎ የሚያሳየውን መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ነው፤ የአየር መንገድ አብራሪዎች ከሚሠለጥኑበት ትልቅ መሣሪያ አንሥቶ በቤት ኮምፒዩተር ላይ እስከሚጫነው ፕሮግራም ድረስ ያጠቃልላል። ማይክሮሶፍት የኋለኛውን ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። «ኮክፒት» ለሚለው የውሰት ቃል ደግሞ «የአብራሪ ክፍል» የሚለውን መርጠናል። ከጣሊያንኛ የገባው «ጋቢና» በፍቺ የሚቀርበው ቢሆንም በሕዝቡ አነጋገር ከመኪና ጋር በጥብቅ ተቆራኝቷል።

ምሳሌያችንን ከቱም እንውሰድ። ቱም፣ እንደ ሚዛን ተፈሪና እንደ ቴፒ ሁሉ፣ በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር የራሷ ባለሦስት ፊደል መለያ ያላት የደቡብ ምዕራብ ከተማ ናት። ተለማማጁ ከጅማ ተነሥቶ በማጂ ተራሮች አጠገብ ወደዚህች ከተማ በዲሲ-3 ሊበርር ነው እንበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን፣ በጦር ሠራዊት ስሙ ሲ-47 በሚባለው ነው። ዲሲ-3 ሦስተኛው መንኰራኵር ጭራው ሥር ስለሆነ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ቀና ይላል፤ ከፊቱ ያለውም መሬት በከፊል ይሸፈናል። ስለዚህ ተለማማጁ ገና ሳይነሣ «አልታየኝም» ብሎ እይታውን መነካካት ይጀምራል። የሚነካካው ግን ከሦስቱ የትኛውን ነው?

1. የዐይን ስፍራ። የአብራሪው ዐይን በአብራሪ ክፍል ውስጥ የሚገኝበት ነጥብ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ይህን የሚወስነው የወንበሩ አቀማመጥ ነው። በኤርባስ አውሮፕላኖች በፊት መስተዋቶቹ መካከል ባለው ምሰሶ ላይ ቀይና ነጭ ትንንሽ ኳሶች ተተክለዋል፤ አብራሪው ቀዩ ኳስ ነጩን እስኪጋርድለት ድረስ ወንበሩን ያስተካክላል። በቤት ኮምፒዩተር ላይ ግን ነጥቡን የሚያንቀሳቅሱት ቁልፎች ናቸው። ዐይኑ ከተገቢው በላይ ከፍ ካለ በመሣሪያ ሰሌዳው ጫፍና በአድማሱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ተለማማጁም አፍንጫው ያዘቀዘቀ መስሎት መሪውን ያለ ምክንያት ወደ ራሱ ይስባል። ዝቅ ካለ ደግሞ ሊያርፍ ሲቃረብ ሰሌዳው የቱምን መንደርደሪያ ይጋርድበታል።

2. የእይታ አቅጣጫ። የዐይን ስፍራ ሳይለወጥ ፊት የሚዞርበት ወገን ነው። በግራ ክንፍ በኩል መንደርደሪያውን መፈለግ፣ አንገትን ደፍቶ የነዳጅ መለኪያውን ማንበብ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ፊት ወደ ታች ሲደፋ አድማሱና የሰሌዳው ጫፍ በስክሪኑ ላይ አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ባለበት ይቆያል።

3. የእይታ ስፋት። ስክሪኑ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚያሳየው ማዕዘን ሲሆን በዲግሪ ይለካል። በልማድ «አቅርበው»፣ «አርቀው» ወይም «ዙም አድርገው» ይባላል። «ማቅረብ» የሚለውን ለሙያ ቃልነት አልተቀበልነውም፤ ምክንያቱም ማዕዘኑ ሲጠብ ነገሮች ገዝፈው ይታያሉ እንጂ ዐይን ወደ እነርሱ አይቀርብም።

የስሕተቱ ዋና ምንጭ ይኸው ሦስተኛው ነው። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስክሪን ከተመልካቹ ዐይን 60 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ በተመልካቹ ፊት የሚይዘው ማዕዘን 53 ዲግሪ ያህል ነው። ተለማማጁ ሰሌዳውን በሙሉ ለማየት ብሎ ፕሮግራሙን ወደ 80 ዲግሪ ቢያሰፋው በስክሪኑ መካከል ያለው ነገር ከእውነተኛ መጠኑ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። በ1,000 ሜትር ላይ ያለው መንደርደሪያ 1,700 ሜትር ገደማ የራቀ ያህል አንሶ ይታየዋል። ገና ሩቅ ነኝ ብሎ ስለሚያስብ ከፍታውንና ፍጥነቱን ለመቀነስ ይዘገያል፤ ከመንደርደሪያው አልፎ ይሄዳል። ሰሌዳውን ለማየት የሚሻለው የዐይንን ስፍራ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዐይን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ ከሰሌዳው የሚታየው ይበዛል፤ 1,000 ሜትር የራቀው መንደርደሪያ ግን መጠኑ አይለወጥም ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ የማስተካከሉ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የስክሪኑን ወርድና ከዐይን ያለውን ርቀት ለክቶ የእይታን ስፋት መወሰን፤ ቀጥሎ የዐይንን ስፍራ ማበጀት፤ በመጨረሻም የእይታን አቅጣጫ ቀጥታ ወደ ፊት መመለስ። የትኛው እንደተለወጠ ለመለየት የሰሌዳውን ጫፍና አድማሱን መመልከት ይበቃል። ሁለቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ የተለወጠው አቅጣጫው ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድነት ከገዘፈ ወይም ካነሰ ስፋቱ ነው፤ አድማሱ ሳይነቃነቅ የሰሌዳው ጫፍ ብቻውን ከወረደ ወይም ከወጣ የዐይን ስፍራ ነው።

ቱምን የመረጥነው ለመንደርደሪያዋ ብቻ አይደለም። በዚያ አካባቢ አማርኛ ለብዙዎች ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ከአነጋገሩ ሁኔታ የሚገምተውን፣ ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ከቃሉ ራሱ ማግኘት አለበት። ስለዚህ አስተማሪዎችና የመመሪያ አዘጋጆች «እይታውን አስተካክል» በማለት ፈንታ «የዐይንህን ስፍራ ዝቅ አድርግ»፣ «አቅጣጫውን መልስ»፣ «ስፋቱን ወደ 53 ዲግሪ አጥብብ» እንዲሉ እናሳስባለን። ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ የሚያቀርብ አንባቢ ቢኖር ሐሳቡን በደስታ እንመረምራለን።